«ብቻ» የምትለዋ ቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምትኖር የእህቴ ልጅ አለችኝ። የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት ከጋዜጣችሁ አንድ ገጽ በስልኳ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ስለ ስኳር በሽታ ምርምር የወጣ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ «አክስቴ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ አይደል?» ብላ ጽፋበታለች።

አዎ፣ የእኔ ሥራ ነው። ቦስተን ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ የምርምር አይጦችን ማዳቀልና መከታተል ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ጽሑፋችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ተጽፎ ማየት በጣም ደስ ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ቆም አልኩ። ተመራማሪዎቹ አንድን ጂን «በአይጦቹ ቆሽት ውስጥ ብቻ» አጠፉት ይላል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት።

አንድን ጂን ከሌላው አካል ሳይነኩ ከቆሽት ለማጥፋት የሚያገለግለው መሣሪያ ክሪ ይባላል። ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ፒ1 ከተባለ ቫይረስ የተገኘ ኢንዛይም ነው። በሙያው ስም ሪኮምቢኔዝ ይሉታል። ሥራው እንደ መቀስ ነው፤ ግን ያገኘውን ሁሉ አይቆርጥም። ሎክስፒ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው 34 የዲኤንኤ ፊደል ያላቸው ሁለት ምልክቶችን ፈልጎ በመካከላቸው ያለውን ቆርጦ ያወጣል። ከዚያ ጫፍና ጫፉን ይገጥማል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አይጦች እናዳቅላለን። አንደኛው ዓይነት የሚጠፋው ጂን ግራና ቀኙ ምልክት የተደረገበት ነው። ሌላው ክሪን የተሸከመ ነው። ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ሁለቱንም ይወርሳሉ።

ክሪው የት እንደሚሠራ የሚወስነው ከፊቱ የተገጠመለት የሌላ ጂን ማብሪያ ነው። እኛ ጋ «ድራይቨር» ይባላል፣ ሹፌር እንደማለት። የአልቡሚን ጂን ማብሪያ ከተገጠመለት ጉበት ውስጥ ይሠራል፤ አልቡሚንን የሚያመርተው ጉበት ነውና። የኢንሱሊን ከሆነ ደግሞ ቆሽት ውስጥ። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 ከጀርመኗ ኮሎኝ በእነ ክላውስ ራዬቭስኪ ሥራ ከተዋወቀ ወዲህ ያልተጠቀመበት የአይጥ ቤተ ሙከራ ማግኘት ይከብዳል።

ሹፌሩ ግን ሁልጊዜ በታዘዘበት መንገድ ብቻ አይሄድም። የኢንሱሊን ማብሪያ ያላቸው የክሪ አይጦች ለዓመታት «የቆሽት ብቻ» ተብለው ሲሠራባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ በርካታ የአይጥ ዘሮችን ጎን ለጎን አድርገው አንጎላቸውን መረመሩ። ብዙዎቹ ላይ ክሪው አንጎል ውስጥም እየቆረጠ ተገኘ። ሃይፖታላመስ ውስጥ ጭምር። ሃይፖታላመስ ረሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠር የአንጎል ክፍል ነው። እስቲ አስቡት። ጂኑ የጠፋባት አይጥ ወፈረች፣ ስኳሯም ከፍ አለ እንበል። ጥፋቱ የቆሽቷ ነው ወይስ የአንጎሏ? «ብቻ» ብለን ከጻፍን ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበርኩበት ቤተ ሙከራ ሲናፕሲን የሚባል ጂን ማብሪያ ያለው ክሪ እንጠቀም ነበር። የነርቭ ህዋስ ውስጥ ይሠራል ተብሎ ነው የመጣው። ክሪውን የሚያወርሱት ወንዶቹ አይጦች ነበሩ። አይጥ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ጡት እናስጥለዋለን። ያኔ ከጭራው ጫፍ ጥቂት ቆርጬ፣ ፒሲአር በሚባለው ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ የወረሰውን አነባለሁ። አንድ ቀን ዲኤንኤው በመስመር በመስመር ሆኖ የሚታይበትን ጄል መብራት ላይ ሳስቀምጠው መኖር የሌለበት መስመር አየሁ። ከስምንት ግልገሎች በአምስቱ ላይ ጂኑ ጭራቸው ውስጥ ተቆርጧል። ከአምስቱ ሁለቱ ደግሞ ክሪን ጨርሶ አልወረሱም። መቀሱ ሳይኖር ማን ቆረጠው?

ኃላፊዬ ናሙናው ተበክሏል አለኝ። ደገምኩት። ያው ነው። በአዲስ ፕላስቲክ፣ በአዲስ ውኃ ለሦስተኛ ጊዜ ሠራሁት። መስመሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ እራት ሳልበላ ኮምፒውተር ከፈትኩ። ማውስ ጂኖም ኢንፎርማቲክስ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ የእኛን አይጥ ገጽ ፈለግኩ። ከሥሩ የጽሑፎች ዝርዝር አለ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ነው። የሲናፕሲን ክሪ በወንዶቹ የዘር ፍሬ ውስጥም ይሠራል፣ የተቆረጠው ጂንም ወደ ልጅ ይተላለፋል ይላል። ርዕሱን ማንበብ ብቻ ይበቃ ነበር። ጂኑ የተቆረጠው ገና አባትየው ዘር ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ክሪ ያልወረሱት ልጆች ሳይቀሩ መላ አካላቸው ውስጥ ተቆርጦ የተገኘው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክሪውን በእናት በኩል ማውረስ። ስምንት ወር የደከምንባቸውን አይጦች ግን እንደ አዲስ ጀመርን። እነዚያ አይጦች ሕይወት ያላቸው ፍጥረቶች ናቸው። ያለ ጥቅም ማለፋቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የመረጃ ቋቱን የሚያዘጋጀው ጃክሰን ላቦራቶሪ ነው። ሜን ግዛት ውስጥ ባር ሃርበር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 የተቋቋመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1947 ሰደድ እሳት አብዛኛውን ቤተ ሙከራ ከነአይጦቹ አወደመው። ያን ጊዜ ቀድሞ ከእነሱ አይጥ የወሰዱ ሳይንቲስቶች የዚያኑ ዘር መልሰው ላኩላቸው። ዘሩ ከዚያ ተተካ። ይህ መደጋገፍ ዛሬም በመረጃ ቋቱ ውስጥ አለ። ገንዘብ አይጠየቅም። ተመዝገቡ አይባልም። ቦስተን ያለ ፕሮፌሰር የሚያየውን ባሕር ዳር ያለች ተማሪም ታየዋለች።

የእህቴ ልጅም አየችው። ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም ተደዋውለን አብረን ከፈትነው፤ ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ቢቆራረጥብንም። ስለ ሪኮምቢኔዝ ወደሚያወራው ክፍል ገባን። መፈለጊያው በሁለት በኩል ነው፤ ወይ የሹፌሩን ስም ወይ የአካሉን ስም መጻፍ። ኢንሱሊን ብላ ጻፈች። ሠንጠረዥ መጣላት። ወደ ታች የአይጥ ዘሮች፣ ወደ ጎን የአካል ክፍሎች። ክሪው የታየበት ላይ ምልክት አለ። ሲነካ ዝርዝሩ ይከፈታል፤ አይጧ በስንት ዕድሜዋ እንደታየች፣ በምን ዘዴ እንደተመረመረች፣ አንዳንዴም ፎቶው ጭምር። ክሪ የሠራበት ህዋስ ሰማያዊ ወይም ቀይ እንዲሆን የሚያደርግ ጠቋሚ ጂን ስላለ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል።

ዕድሜዋን አደራ አልኳት። ክሪ አንዴ ከቆረጠ ቆረጠ፤ መመለስ የለም። ጽንስ ሳለች በአንድ ህዋስ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሠራ፣ ከዚያ ህዋስ የተወለዱት ሁሉ የተቆረጠውን ይዘው ያድጋሉ። ማብሪያው ከጠፋ ብዙ ቆይቶም ቀለሙ ይታያል። ስለዚህ ቀለሙ «እዚህ አሁን እየሠራ ነው» አይልም። «እዚህ ወይም ከዚህ በፊት በነበሩት ህዋሶች ውስጥ አንድ ጊዜ ሠርቷል» ነው የሚለው።

ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና ጠየቀች።

«አክስቴ፣ ምንም ያልተጻፈበት ሳጥን አለ። ክሪው እዚያ የለም ማለት ነው?»

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ አይጥ የሚያዙ ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ። «አይደለም የኔ ልጅ» አልኳት። ተመርምሮ ያልተገኘ ከሆነ «አልታየም» ተብሎ ይጻፋል። ባዶ ሳጥን ግን ስለዚያ አካል የተመዘገበ ነገር የለም ማለት ነው። ምናልባት ማንም አላየውም ይሆናል። አንጎል የሚያጠና ሰው አንጎል ቆርጦ ያያል፤ የዘር ፍሬ ለማየት ምን ምክንያት አለው? እኛንም የጎዳን ይኸው ነው። የምንፈልገውን አካል ብቻ አይተን ሌላውን «የለም» ብለን አለፍን።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ዜና ስትጽፉ «ብቻ» ከማለታችሁ በፊት ተመራማሪው ሌሎቹን አካላት አይቶ እንደሆነ ጠይቁ። ካላየ «በቆሽት ውስጥ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ብዙ አንባቢዎቻችሁ ቤታቸው ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ አለ። እናቴም ታማሚ ናት። እነሱ በየዜናው ተስፋ ያደርጋሉ። ተስፋቸው በትክክለኛ ቃል ላይ እንዲቆም እፈልጋለሁ። ደግሞም የባዮሎጂ መምህራን ይህን ካነበቡ አይጥና ውድ መሣሪያ ባይኖራቸውም ተማሪዎቻቸውን ይህን ሠንጠረዥ ያስነብቧቸው። ስልክ ይበቃል።

የእህቴ ልጅ ለክፍል ጓደኞቿ ልታቀርበው እየተዘጋጀች ነው። የመረጠችው ቪሊን የሚባለውን፣ አንጀት ላይ የሚጠቀሙበትን ሹፌር ነው። ትናንት ማታ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «አክስቴ፣ ቪሊን ኩላሊት ውስጥም እንደሚሠራ አነበብኩ። ስለዚህ ከአንጀቱ በፊት የምከፍተው ኩላሊቱን ነው።»

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከቦስተን