ለደረጀ፣ ስለዚያች ሮዝ ክኒን

ውድ ወንድሜ ደረጀ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድምፅህን ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። አንተ መንገድ ላይ ትውላለህ፣ እኔ ፋርማሲ ቆሜ እውላለሁ፤ በዚህ መሃል ስንቱ በዓል አለፈ። በጣም ናፍቀኸኛል። ዛሬ ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን ናፍቆት ብቻ አይደለም። እህትህ ለሰርግ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ ስንጫወት፣ ዳላስ ከገባህ ወዲህ አለርጂው እንደጠናብህ፣ ማታ ማታ ያቺን ሮዝ የአለርጂ ክኒን፣ ቤናድሪልን፣ ሳትውጥ እንደማትተኛ፣ ነገሩም ዓመት እንዳለፈው ነገረችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቤ አንተ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ክፉ ነው አልልህም። ድንገት ሰውነትህ ሽፍ ብሎ ቢያሳክክህ ለአንድ ቀን እኔም እሰጥሃለሁ። ውስጡ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን በፈረንጆቹ 1946 ለገበያ የቀረበ፣ ዕድሜ የጠገበ መድኃኒት ነው። በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ያውም ከባድ መኪና ለሚነዳ ሰው ግን አይሆንም። ሂስታሚን የሚባለው ነገር አፍንጫ ላይ ያስነጥሰናል፣ ዓይናችንን ያሳክከናል፤ አንጎል ውስጥ ደግሞ ነቅተን እንድንቆይ ከሚያደርጉን አንዱ እሱ ነው። የቀድሞዎቹ ክኒኖች አንጎል ድረስ ስለሚዘልቁ ሁለቱንም ሥራውን ያስቆሙታል። ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ የምታስልካት ክሎርፌኒራሚንም ከዚያው ወገን ናት።

«ማታ ውጬ ጠዋት ምን ያገባዋል?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ማታ የዋጥካት 9 ሰዓታት ያህል ቆይቶም ግማሿ ገና ደምህ ውስጥ ናት፤ አንተ ደግሞ ሳይነጋ ነው መሪ የምትጨብጠው። በ2000 የታተመ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። አለርጂ ያለባቸውን 40 ሰዎች መንዳትን በሚያስመስል ማሽን ላይ አስቀምጠው አንድ ጊዜ ዳይፈንሃይድራሚን፣ አንድ ጊዜ ፌክሶፌናዲን፣ አንድ ጊዜ አልኮል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጧቸው። ዳይፈንሃይድራሚን በወሰዱ ጊዜ አነዳዳቸው አልኮል ከጠጡበት ጊዜ የባሰ ነበር። ፌክሶፌናዲን ሲወስዱ ግን ባዶውን ክኒን ከዋጡበት ጊዜ አልተለየም። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ፣ «እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎኛል» ወይም «አላለኝም» ማለታቸው አነዳዳቸው ምን ያህል እንደተበላሸ እምብዛም አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ «እኔን ምንም አያደርገኝም» ብትለኝ ልቤ አያርፍም።

እንቅልፍ ለማምጣትም ቢሆን ሰውነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምደዋል። አፍ ማድረቁ፣ የሆድ ድርቀቱ፣ ሽንት ማስቸገሩ ግን ይኖራል። በ2015 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 65 ዓመት የሞላቸውን ከ3,400 በላይ ሰዎች ተከታትለው፣ ይህን መሰል መድኃኒት ለዓመታት በብዛት የወሰዱት ላይ የመርሳት በሽታ በብዛት መታየቱን ጽፈዋል። መንስኤው መድኃኒቱ መሆኑን ጥናቱ አላረጋገጠም፤ ልባም ሰው ግን የተሻለ አማራጭ እያለ ለምን ይሞክረዋል?

አማራጩ ደግሞ አለ። እህትህ እንደነገረችኝ ዋናው ሕመምህ የአፍንጫ መታፈን ነው። እንዲያ ከሆነ እኔ ከክኒን አልጀምርም፣ አፍንጫ ውስጥ ከሚነፋው ስቴሮይድ እጀምራለሁ። ፍሉቲካሶን፣ ማለትም ፍሎኔዝ የሚባለው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛል፤ ለታፈነ አፍንጫ ከየትኛውም የአለርጂ ክኒን ይበልጣል። ስቴሮይድ ሲባል ደንግጠህ እንዳትተወው፣ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ሁለት ቀን ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል፤ ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው ግን በየቀኑ ተነፍቶ ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ስትነፋ ጭንቅላትህን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል አድርግ። በቀኝ እጅህ የግራውን ቀዳዳ፣ በግራ እጅህ የቀኙን ያዝ፤ ጫፉ ወደ መሃል ሳይሆን ወደ ውጭ ወደ ጆሮህ አቅጣጫ ይዙር። ነስር የሚያስቸግራቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ወደ መሃል ስለሚነፉ ነው። ዳላስ ላይ የሚያሠቃይህ ገና አካባቢ የሚጀምረው የማውንቴን ሲደር ብናኝ ከሆነ (ዛፉ ከእኛ አገር ጥድ ጋር የአንድ ወገን ነው)፣ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ መንፋት ነው።

ማሳከክና ማስነጠሱ ካልቆመ ክኒን ጨምርበት። ለአንተ የምመርጥልህ ፌክሶፌናዲን ነው፣ አሌግራ በሚል ስም የምታውቀው፤ 180 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ። አንጎል ውስጥ አይገባም ማለት ይቻላል። በውኃ ብቻ ዋጠው፤ የብርቱካን፣ የፖም ወይም የግሬፕፍሩት ጭማቂ ሰውነትህ የሚያገኘውን መጠን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ለጨጓራ የምትወስዳቸው አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለባቸው መድኃኒቶችም እንዲሁ። ሎራታዲንም እንቅልፍ ስለማያመጣ መጥፎ አይደለም።

ሴቲሪዚን፣ ዚርቴክ የሚሉት፣ ፈጥኖ ይሠራል፤ ለሽፍታም እወደዋለሁ። ለአንተ ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። በአዋቂዎች ላይ በተሞከረ ጊዜ 10 ሚሊግራም ከወሰዱት 100 ሰዎች 14ቱ ድብታ ተሰምቷቸዋል፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 6ቱ ብቻ። ሁለተኛው ማቆሙ ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግንቦት 2025 ላይ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ሴቲሪዚንን ወይም የቅርብ ዘመዱን ሌቮሴቲሪዚንን በየቀኑ ለወራት ወስደው ያቆሙ አንዳንድ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከባድ የሰውነት ማሳከክ እንደገጠማቸው ገልጿል። ከዓለም ዙሪያ የተመዘገቡት 209 ናቸው፤ መድኃኒቱን ከሚወስደው ሕዝብ አንጻር ጥቂት ነው። ቢሆንም ለዓመታት የሚወሰድ መድኃኒት ሲመረጥ አወጣጡም መታሰብ አለበት ባይ ነኝ።

ደግሞ አደራህን፣ ከስሙ መጨረሻ «ዲ» የሚል ፊደል ያለበትን አትግዛ። መታወቂያ ጠይቀው ከባንኮኒ ጀርባ የሚሰጡህ እሱ ሱዶኢፌድሪን አለበት፤ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያስመታል። አባታችሁ ግፊት እንደነበረባቸው አልረሳሁም። አፍንጫን በደቂቃ የሚከፍተው ኦክሲሜታዞሊንም ከሦስት ቀን በላይ ሲወሰድ አፍንጫውን መልሶ ያፍነዋል።

ሱቆቹ በራሳቸው ስም የሚሸጡት ርካሹ ያው መድኃኒት ነው፤ በማሸጊያው ላይ የመድኃኒቱን ስም አንብበህ እሱን ግዛ። ቤናድሪሉን ስታቆም የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እንቅልፍ ሊያስቸግርህ ስለሚችል ዕረፍት ባለህ ሰሞን ጀምረው። ባለቤትህ «ያንኮራፋል፣ ትንፋሹም ይቆራረጣል» የምትል ከሆነ ደግሞ ነገሩ አለርጂ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ለሐኪምህ ሳትነግር እንዳታልፈው።

ቤት ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የግፊትም የጨጓራም ካለ፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ኩላሊትህን ተመርምረህ ከሆነ ውጤቱንም ጨምር፤ የፌክሶፌናዲን መጠን በእሱ ይወሰናል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልልሃለሁ፣ መንገድ ላይ ከሆንክ የምትቆምበትን ሰዓት ጻፍልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ
ጌታሁን