ስለ ወርቁ ለጠየቁኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

«ይህ ወርቅ ለልጅ ልጅ ይሆናል ወይስ አገር አጥፍቶ ይሄዳል?» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ ስልኩ ተቋረጠ። ወርቁን ሊያወጣ ከመጣው ኩባንያ ጋር በሚደረገው ስብሰባ ላይ ለቀበሌው የሚናገሩት እርስዎ ስለሆኑ በጽሑፍ ልመልስ ብዬ ነው።

ለልጅ ልጅ ይሆናል ባይ ነኝ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ በየጅረቱ የሚያጥበው ሰው ወርቁን በድንበር ከማሻገር ለብሔራዊ ባንክ መሸጥ አዋጥቶታል፤ በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ቡናን በልጧል። ይህን ያህል ገንዘብ ያለበትን ነገር የሚተው መንግሥት የለም። ስለዚህ ስብሰባው ላይ «አንፈልግም» ከማለት ይልቅ አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙልኝ፦ ቁፋሮው ሳይጀመር ውኃው ይለካ። ወንዙም፣ የእጅ ጉድጓዶቹም፣ በበጋም በክረምትም።

ለምን መሰለዎት? ጉጂ ውስጥ ለገ ደምቢ በሚባለው የወርቅ ማዕድን ዙሪያ ሕዝቡ ልጆቻችን ታመሙ፣ ከብቶቻችን አለቁ ብሎ አደባባይ ወጥቶ፣ በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታገደ፤ በኋላ ሥራው ተመለሰ። ማዕድኑ ግን እስከዚያ ድረስ ለዓመታት ሲሠራ ነበር። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ወንዙ ምን ይመስል እንደነበር ማስረጃ የሌለው ሰው «ድሮም እንዲህ ነበር» ሲባል በምን ይረታል? እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለን ሰዎች እንኳ ከምን ጋር እናወዳድረው?

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግና ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥበት በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ተደንግጓል። ሰነዱን አሳዩን ይበሉ፤ ወርቁን ከድንጋዩ የሚለዩበት መርዝ፣ የሳይናይድ፣ ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ግድብ ከየትኛው ጅረት በላይ እንደሚሠራም ካርታው ላይ በጣት ያስጠቁሟቸው። ማዕድኑ ሲዘጋ መሬቱ የሚያገግምበት ገንዘብም ከአሁኑ ይቀመጥ። ትምህርት ቤት እንሠራለን፣ መንገድ እናወጣለን ቢሉዎት ይመርቋቸው እንጂ አይርኩ። በ1977 ከወሎ ወደ አሶሳ ስትሰፍሩ ከተገባላችሁ ቃል ስንቱን እንዳያችሁ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ፤ ከኩባንያው ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ወንድሜ ወርቁን የሚይዝለትን ባዚቃ (ሜርኩሪ) ከአሸዋው ጋር በእጁ አሽቶ፣ በጨርቅ ጨምቆ፣ የቀረችውን ነጭ ድብልብል እናቴ ቡና በምታፈላበት ከሰል ላይ ያቃጥላታል አሉ። ወርቁ ብቻ ሲቀር ባዚቃው የት የሄደ ይመስለዋል? ሽታም ቀለምም የሌለው ተን ሆኖ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ የተረፈው ግድግዳውና ጣሪያው ላይ ያርፋል። ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የጽንሱ አእምሮ ነው። በጃፓን ሚናማታ፣ ፋብሪካ ወደ ባሕር በለቀቀው ባዚቃ ዓሣውን የበላ ሕዝብ እንደተመረዘ ነግሬዎት ነበር፤ ዓለም ባዚቃን ለመቆጣጠር በ2013 እንደ ፈረንጆቹ የተስማማበት ውል በዚያች ከተማ የተሰየመው በዚሁ መዘዝ ነው።

ሥራውን ተው አልለውም፤ ልጆቹን የሚያበላው በእሱ ነው። ግን ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ አያቃጥል። ተኑን በቱቦ አቀዝቅዞ ባዚቃውን መልሶ የሚይዝ ክዳን ያለው የብረት ዕቃ አለ፤ በያጅ ይሠራዋል፣ ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ባዚቃው ስለሚመለስለት ወጪውም ይቀንሳል። እኔ ብነግረው «የከተማ ሰው» ይለኛል፤ እርስዎን ግን እምቢ አይልም።

ውኃውን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ እንዳትልኩ፤ ባዚቃ ፕላስቲኩ ላይ ስለሚቀር ውጤቱ ያታልላል። ፈቃድ ስወጣ መቅጃውን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ የስብሰባው ቀን ከተቆረጠ በአክስቴ ልጅ ስልክ ያስደውሉልኝ። ለመድኃኒትዎ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በባንክ አስገብቻለሁ፤ ለሌላ እንዳያውሉት።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ