ከልጆቹ ክብደት በፊት የልብሱ ልክ ይጠየቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ከ20 ዓመት በላይ በአዲስ አበባ የሐበሻ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ሴት ነኝ። በበዓላት ሰሞን የፋሽን ትርዒት ፎቶግራፎች በጋዜጣ ሲወጡ በአብዛኛው የሚጻፈው ስለ ጥለቱ ውበትና ስለ ዲዛይነሩ ብልሃት ነው። ልብሱን ለብሰው ስለሚታዩት ልጆች ሰውነት ሲነሳ ግን አንዱ «እነዚህ ልጆች እህል አይቀምሱም ወይ?» ብሎ ይሳለቃል፤ ሌላው ደግሞ «የሙያው ጠባይ ነው፤ ፈልገው የገቡበት ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም የሚያዩት ልጅቷን ነው። እኔ ግን ከዕለት ሥራዬ ተነሥቼ መጀመሪያ መታየት ያለበት ልብሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህችን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ ላስረዳ። ዲዛይነር ለትርዒት የሚያቀርበውን ልብስ ለትንሹም ለትልቁም እያለ በየልኩ አያሰፋም፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ናሙና ብቻ ያሰፋል። ጨርቁ ውድ፣ ጊዜውም አጭር ስለሆነ ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። በፓሪስና በሚላኖ ደግሞ ያው ናሙና ትርዒቱ ካለቀ በኋላ ለመጽሔት ፎቶግራፍ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ይዞራል። ልብሱ ሲቆረጥ ማን እንደምትለብሰው ገና አይታወቅም፤ ልጆቹ የሚመረጡት ትርዒቱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ስለዚህ ለሴቲቱ ልብስ መሰፋቱ ቀርቶ ለተሰፋው ልብስ ሴት ይፈለግለታል። በአውሮፓ ያሉ የሞዴሊስት ወኪሎች ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ75 የሚበልጥን ልጅ ዳሌዋ ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ የሚጠይቋት፣ ቀድሞ የተቆረጠው ናሙና ከዚያ በላይ ስለማያስገባ ነው። እንዲህ ያለው ልክ መጀመሪያ የተመረጠበት ምክንያት ጨርቅ በቀጥ ያለ ሰውነት ላይ ሳይሰበር ስለሚወርድ፣ የልብስ ሰፊውም ጥፋት ስለማይታይ ነው። በመስቀያ ላይ የተንጠለጠለ ልብስ ሁልጊዜ ያማረ እንደሚመስል ማንኛውም ባለሙያ ያውቀዋል። ዳሌና ደረት ያላትን ሴት ማልበስ ግን እውነተኛ ሙያ ይጠይቃል።

ይህን የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዲዛይነር ለትርዒት የሚሆኑ 12 ቀሚሶች እንድሰፋለት አዘዘኝ፤ 12ቱንም ዳሌያቸውን 88 አድርጌ በአንድ ልክ ሰፋኋቸው። ልጆቹ ለመለካት ሲመጡ ከመካከላቸው ለአንዷ፣ ዕድሜዋ ከ18 የማይበልጥ ልጅ ናት፣ ውሃ ባቀርብላት አልቀበልም አለችኝ። «እትዬ፣ ከተለካሁ በኋላ እጠጣለሁ፤ አሁን ከጠጣሁ ሆዴ ይነፋብኛል» አለች። ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ደግሞ ከጓደኛዋ ሰማሁ። ዚፑን ስስብላት ትንፋሿን ውጣ ቆመች፤ ተዘጋም። እኔም «ጎበዝ! ልክሽ ነው» አልኳት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ «ጎበዝ» ያልኩት ቃል ነው፤ ልብሱን ያጠበብኩት እኔ ራሴ ሆኜ ሳለ፣ መጥበቡን የእሷ ፈተና፣ ልብሱ ውስጥ መግባቷንም የእሷ ድል አድርጌ ቆጠርኩት።

በሌላው ዓለም ጉዳዩ ወደ ሕግ የደረሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ሉዊሴል ራሞስ የተባለች የ22 ዓመት ሞዴሊስት በአገሯ በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ በትርዒት ላይ እያለች ሞተች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ብራዚላዊቷ አና ካሮሊና ሬስተን በ21 ዓመቷ ስታርፍ ክብደቷ 40 ኪሎ ያህል ነበር። ሦስት ወር ሳይቆይ የሉዊሴል ታናሽ እህት ኤሊያና፣ እሷም ሞዴሊስት የነበረች፣ በ18 ዓመቷ ልቧ ቆሞ ተከተለቻት። የእነዚያን ወላጆች ሳስብ እጄ ላይ ያለው መርፌ ይከብደኛል።

የማድሪድ የፋሽን ትርዒት ከሉዊሴል ሞት በኋላ በሴፕቴምበር 2006፣ ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ተመዛዝኖ ከ18 በታች የሚወጣ ልጆች መድረክ ላይ እንዳይወጡ ከለከለ። ቁጥሩ የሚገኘው በኪሎ የተመዘነውን ክብደት በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ በማካፈል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ውጤቱ ከ18.5 በታች የሆነን አዋቂ ሰው ክብደቱ ከሚገባው በታች ነው ይለዋል። በዚህ ሒሳብ 1 ሜትር ከ78 የምትረዝም ልጅ 18.5 ላይ ለመድረስ 58 ኪሎ ተኩል ያህል መመዘን አለባት። በሥራዬ ካየኋቸው ረጃጅም ልጆች ስንቶቹ እዚያ እንደማይደርሱ በሜትሬ ብቻ መገመት እችላለሁ።

ከሁሉ ቀድማ አገር አቀፍ ሕግ ያወጣችው እስራኤል ናት። ሂላ ኤልማሊሕ የተባለች እስራኤላዊት ሞዴሊስት እ.ኤ.አ. በ2007 ስትሞት ክብደቷ 30 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። አዲ ባርካን የተባለ ራሱ በፎቶግራፍ አንሺነትና በሞዴሊስቶች ወኪልነት ይሠራ የነበረ ሰው ከሐኪሟ የፓርላማ አባል ከራሔል አዳቶ ጋር ሆኖ ባደረገው ጥረት፣ ሕጉ በማርች 2012 ጸድቆ በ2013 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ማንኛዋም ሞዴሊስት ማስታወቂያ ለመሥራት ቁጥሯ ከ18.5 እንደማያንስ የሚገልጽ፣ ከሦስት ወር ያልበለጠ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለባት፤ በኮምፒውተር ሰውነቷ እንዲቀጥን የተደረገበት ፎቶግራፍም ይህንኑ የሚናገር ጽሑፍ በላዩ ሊኖረው ይገባል።

በዚያው በ2013 ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደችው ይታይሽ አይናው የእስራኤል ቆንጆ ተብላ ስትመረጥ በእስራኤል ከተማ በአሽዶድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በስልክ እልል ስትል ሰምቻታለሁ። የእህቴ ልጅ ያኔ ትንሽ ነበረች። ካደገች በኋላ እሷም ሞዴሊስት ለመሆን አንድ ወኪል ቤት ሄደች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ76፣ ክብደቷ 61 ኪሎ ነው፤ በሕጉ ሒሳብ 20 ገደማ ስለሚሆን ሐኪሙ ያለ አንዳች ጥያቄ ፈረመላት። ወኪሉም ማስረጃዋን በአክብሮት ተቀብሎ ዳሌዋን ለካና 96 ሆኖ ሲያገኘው «ፊትሽ ይፈለጋል፤ 6 ሳንቲም ስትቀንሺ ተመለሽ» አላት። ሕግ አልጣሰም። ሕጉ ከዚህ በታች እንዳትወርድ ይከለክላታል፣ ልብሱ ደግሞ ከዚህ በላይ እንዳትሆን ይከለክላታል፤ በሁለቱ መካከል የቀረላት መንገድ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ነው።

እኔ አክስቷ ልብስ ሰፊ ነኝና ይህን ባወራችልኝ ጊዜ መጀመሪያ የመጣልኝ 6 ሳንቲም በጨርቅ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ነው። ቀሚስ በግራና በቀኝ ጎኑ ሲሰፋ የፊቱና የኋላው ጨርቅ ይገጣጠማል፤ ይህ አራት ጠርዝ ነው። ከእያንዳንዱ ጠርዝ አንድ ሳንቲም ተኩል ብለቅ 6 ሳንቲም ይሞላል። ስቆርጥ ለስፌት ትርፍ ጨርቅ ትቼ ከነበረ፣ መፍታቱና መልሶ መስፋቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም። በልጅቷ በኩል ግን ያው 6 ሳንቲም የወራት ረኀብ ነው፤ የዳሌ አጥንቷ ሰፊ ከሆነ ደግሞ በረኀብም የሚገኝ አይደለም።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችውና በ2017 ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ከእስራኤሉ ይልቅ አስተዋይ ይመስለኛል፤ የተቆረጠ ቁጥር ከማስቀመጥ ይልቅ የልጅቷን ጠቅላላ ጤና ሐኪሙ እንዲመረምር አድርጓል፤ ያለ ማስረጃ የሚያሠራ ወኪልም እስከ 75 ሺህ ዩሮ መቀጫና እስከ 6 ወር እስራት ይጠብቀዋል። በተፈጥሯቸው ቀጫጭን ሆነው በልተው የሚያድሩ ልጆች አሉና ይህ ተገቢ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያሉ ዘንካቶች ብዙ ናቸው፤ «ከሲታ» እየተባሉ መሰደባቸውም ሌላ በደል ነው። ይሁን እንጂ እኔን ይበልጥ የሳበኝ ከሕጉ ይልቅ ታላላቆቹ የፋሽን ኩባንያዎች ኤልቪኤምኤችና ኬሪንግ በሴፕቴምበር 2017 በጋራ ያወጡት ቻርተር ነው። በፈረንሳይ አቆጣጠር 32 ቁጥር የሚባለውን የሴት ልክ ከሞዴሊስት መምረጫቸው አስወጡ። 34 ቁጥርም ቢሆን ጠባብ ነው፤ ግን ከሚዛኑ አልፎ የልብሱ ቁጥር ተነካ።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛ ዘንድ መክሳት የበሽታና የችጋር ምልክት እንጂ የውበት አይደለም» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። በከፊል እውነት አላቸው። በቋንቋችን «ከሳሽ» ሲባል «ምን ሆነሽ ነው?» ይከተለዋል፤ «ወፈር አልሽ፣ ተመችቶሻል» ደግሞ ምርቃት ነበር፤ አራስም ገንፎና አጥሚት የምትቀለበው እንድትሞላ ነው። ግጥማችን አንገትን በብርሌ፣ ተረከዝን በሎሚ ሲመስል ኖረ እንጂ የዳሌ ቁጥር ጠይቆ አያውቅም። ዛሬ ግን ለሠርጓ ልብስ ልትለካ የመጣችን ሙሽራ «ወፈር ብለሻል» ብላት ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች። በፊጂ ደሴቶችም የሞላ ሰውነት የተወደደ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ ወደተባለው አካባቢ ቴሌቪዥን ሲገባ የበላችውን ለመክሳት ብላ የምታስመልስ ተማሪ አልነበረችም። ተመራማሪዋ አን ቤከር ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመለስ 11.3 በመቶ የሚሆኑት ልጃገረዶች ይህን እንደሚያደርጉ ነገሯት። ባህል ለብቻው ያን ያህል አጥር አይሆንም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩን የሚደብቅ አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም በሆነበት ቤት፣ ምግብ የምትሸሽ ልጅ «ጾም ነው» ካለች ማንም አይጠይቃትም፤ እንዲያውም ትመረቃለች። ጾሙ ሲፈታ እሷ አለመፍታቷን ልብ የሚል እናት ብቻ ነው። ሐኪሞች አኖሬክሲያ የሚሉት፣ መወፈርን ፈርቶ ምግብ የመሸሽ ሕመም ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ መሆኑን ወላጆች ቢያውቁት መልካም ነው።

ስለ ራሳችን ልብስም አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን የለበሱት ቀሚስ ሰፊ ሆኖ የሚሰፋ ነበር፤ ልኩን የሚያበጀው መቀነቱ ነው። ስታረግዝ መቀነቱ ይላላል፣ ከወለደች በኋላ ጠበቅ ይደረጋል፤ እናት ለልጇ ስታወርሰውም ልብስ ሰፊ መጥራት አያስፈልግም ነበር። ዛሬ በሽሮ ሜዳ ከምናየው ብዙው በሰውነት ልክ የተቆረጠ ባለ ዚፕ ነው። ደንበኛ ስለሚወደው እኔም እሰፋዋለሁ፤ አምሮም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ሸማኔው ስንት ቀን የደከመበትን ሸማ ከ88 ሳንቲም በላይ ለሆነች ሴት እንዳይሆን አድርጌ ስቆርጠው፣ አብዛኛዋን ገዢዬን ከደጅ እየመለስኩ መሆኔን ቆይቼ ነው የተረዳሁት። ፎቶግራፉን አይታ የመጣች ሴት «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብላ ስትወጣ ማየት ለልብስ ሰፊዋ ኪሳራም ጭምር ነው።

ስለዚህ ከትርዒት አዘጋጆች የምጠይቀው፣ የናሙና ልብሶች ቢያንስ በሦስት ልክ ተከፋፍለው እንዲሰፉና ልጆቹም ልብሱ ከመቆረጡ በፊት እንዲመረጡ ነው። ጨርቁ ያው ነው፤ የሚጨምረው የመለካቱ ጊዜ ብቻ ነው። ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ደግሞ፣ የትርዒት ፎቶግራፍ ስታወጡ ዲዛይነሩን የጥለቱን ስም ከጠየቃችሁት በኋላ «ልብሱ በስንት ልክ ተሰፍቷል?» የሚል አንድ ጥያቄ እንድትጨምሩ ነው። መልሱን ከሥዕሉ ግርጌ ብታትሙት ለገዢም ይጠቅማል።

እኔ ከዚህ ዓመት ጀምሮ የትርዒት ሥራ የምቀበለው የልጆቹን ልክ አስቀድሞ ለሚሰጠኝ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሥራ አምልጦኛል፤ ሁለት ግን አግኝቻለሁ። ውሃ ያልጠጣችው ልጅ ባለፈው ወር ለእህቷ ሠርግ ልብስ ልታሰፋ መጥታ ነበር፤ ዳሌዋ 94 ሆኗል። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ሳልናገር በደብተሬ ጻፍኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከአዲስ አበባ