ይድረስ ለሙሌ፦ ሳይቆይ ስለሚፈርስ መድኃኒት

ወሪያ ሙሌ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በጣም ተጠፋፋን አቦ! ድሬ እንደምታውቃት ናት፤ የግንቦት ሙቀት ከዚራ ዛፍ ሥር እንኳ አያስቀምጥም።

ሳቢያን ያለችውን አክስቴን ታስታውሳታለህ? ስኳር አለባት። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሏል። ማታ ማታ ፋሻውን የምፈታላት እኔ ነኝ። ጨርቁ ከሥጋው ጋር ይጣበቃል፤ በሳላይን እያራስኩ ቀስ ብዬ አላቅቀዋለሁ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች። አንቲባዮቲኩ ተቀያየረ፣ ለውጡ ግን ትንሽ ነው።

ያኔ ነው ስለ ፀረ ተሕዋስያን ፔፕታይዶች፣ ማለትም ባክቴሪያ ስለሚገድሉ አጫጭር የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ሰንሰለቶች፣ ማንበብ የጀመርኩት። በ1987 እ.ኤ.አ. ማይክል ዛስሎፍ የተባለ ተመራማሪ ከእንቁራሪት ቆዳ ማጋይኒን የተባለውን ፔፕታይድ አገኘ። ከእሱ የተሠራው ፔክሲጋናን የታሰበው ልክ ለአክስቴ ዓይነት ቁስል ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አላጸደቀውም።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰለህ? ፔፕታይዱ የባክቴሪያውን ሽፋን የሚይዘው ፖዘቲቭ ቻርጅ ባላቸው ላይሲንና አርጂኒን በሚባሉ አሚኖ አሲዶቹ ነው። ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ደግሞ የሚቆርጠው እዚያው፣ ከእነሱ ቀጥሎ ነው። ጉልበቱም መሞቻውም አንድ ቦታ! ቁስል ደግሞ በፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም የተሞላ ነው።

መላው ግን አለ። የሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው ኤል ከሚባለው የአሚኖ አሲድ ቅርጽ ነው። በመስታወት ምስሉ፣ በዲ ሲተካ፣ የቀኝ ጓንት ግራ እጅ ላይ እንደማይገባው ኢንዛይሙም አይገጥምለትም። የባክቴሪያው ሽፋን ግን ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን አይለይም፤ ፔፕታይዱ እንደ ድሮው ይገድላል። ዋጋው ነው ውድ።

ሌላው ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ ቀለበት ማድረግ ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. ሶቪየት ኅብረት ውስጥ የተገኘው ግራሚሲዲን ኤስ ተፈጥሮው እንዲህ ነው። ቀለበት ነው፣ ዲ አሚኖ አሲድም አለው፤ በጦርነቱ ጊዜ ለወታደሮች ቁስል ውሏል። ደም ውስጥ ሲገባ ግን ቀይ የደም ሴሎችንም ያፈርሳል፤ ስለዚህ ከላይ ለሚቀባ ብቻ ሆነ። አየህ፣ የማይፈርስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሚመታውን ለይቶ መምታት አለበት። ለእኔ ተስፋው መጀመሪያ ቅባቱ ላይ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ይቆየን።

አንተ ኬሚስት ነህ፤ ሁሉንም ሳይሆን መቆረጫ ቦታዎቹን ብቻ በዲ መተካት ወጪውን አይቀንስም? ቅርጹንስ ያበላሸው ይሆን? ሐሳብህን በደንብ ዘርዝረህ ጻፍልኝ። አክስቴም ሰላም በልልኝ ብላለች።