ስለ ካራቫኑ ገጽ ለአባቴ የተጻፈ ደብዳቤ

ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጉድጓድ ቁፋሮው ሥራ ከጅግጅጋ መልስ ድሬዳዋ አድርሶኛል፤ ቤቴ የሆነውን የአሉሚኒየም ካራቫንም ከዚራ ሰፈር፣ እርስዎ በሚያውቁት የዛፍ ጥላ ሥር አቁሜዋለሁ።

ባለፈው በስልክ «በሸመንደፈር፣ በባቡሩ ጋራዥ፣ ነሐሱን እንደምንወለውለው በሽቦ ፈግፍጊው፣ ያበራል» ያሉኝን ሰምቼ የኋላ በሩን ሞክሬው ነበር። ለጊዜውስ አበራ፤ ወር ሳይሞላ ግን ቡናማ ነጠብጣብ ወጣበት። ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፋቱ የሽቦው ነው፤ ከሽቦው የረገፈው የብረት ብናኝ በጭረቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይዝጋል፣ እርጥበት ሲያገኝም አጠገቡ ያለውን አሉሚኒየም ጭምር ያስበላዋል። አሉሚኒየም አየር እንደነካው ስስ የኦክሳይድ ልባስ በራሱ ላይ ያበጃል። ግራጫ የሚያስመስለውም፣ ከመበላት የሚጠብቀውም ይኸው ልባስ ነው። በወለወልሁ ቁጥር ከልባሱ ጋር ጥቂት አሉሚኒየም አብሮ ስለሚገፈፍ፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ገጽ ላይ ይህን በየወሩ ማድረግ አልደፍርም።

ያረጀውን ቫርኒሽ ማስለቀቁ ብቻውን ሦስት እሑዶች ፈጀብኝ፤ እርሱ ሳይነሣ ፖሊሽ ቢቀቡት ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሣው አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እንዳይፍቀው አስቀድሜ አጥባለሁ። የድሬን ውኃ ያውቁታል፤ ማንቆርቆሪያችንን ውስጡን ነጭ ያደርገው የነበረው ኖራ በካራቫኑም ላይ ጠብታውን ተከትሎ ስለሚቀር፣ እንዳጠብሁ ወዲያው በጨርቅ አደርቃለሁ። አሉሚኒየሙ ከጋለ ፖሊሹ ሳይሠራ ስለሚደርቅ፣ የምወለውለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ነው። በፍሌክሲብሉ፣ በሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ላይ የበግ ፀጉር መወልወያ እገጥምና በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ተወስኜ እሠራለሁ። ቆርቆሮውን በሚያያይዘው በየሪቬቱ ምስማር ዙሪያ የሚቀረውን ጥቁር ቅባት የሚያነሣልኝ የስንዴ ዱቄት ነው። አንዲት እናት ዱቄቱን ስነሰንስ አይተው «ልጄ፣ ዳቦ ልትጋግሪበት ነው?» ብለው አሳቁኝ።

ጣሪያውን ግን አልነካሁትም፤ ከአሞራ በቀር የሚያየው የለምና ግራጫውን ለብሶ ይቀመጥ። በእርሱ ፋንታ የብረት ብሎኖቹ ከአሉሚኒየሙ ጋር በቀጥታ እንዳይነካኩ በየሥራቸው የጎማ ዋሸር አስገብቻለሁ። የኋላ በሩን ጭረት ከደቃቁ ፖሊሽ በፊት ሻካራውን እየተጠቀምሁ በማስለቀቅ ላይ ነኝ፤ ግማሹ ለቅቋል።

አሁን የቸገረኝ የመጨረሻውን ማጥሪያ የምሠራበት ለስላሳ ጨርቅ ነው። እህቴ «አባባ አላስጥልም አሉኝ» የምትለው የፍላኔል ፒጃማዎ ካለ፣ ቁልፎቹን አስነቅለው ወደ ድሬዳዋ በሚመጣ ሰው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ