የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከዩኒቫክ እስከ ማክፕሮጀክት

ዘንድሮ የክበባችን ልጆች የያዙት ርዕስ የፕሮጀክት ማኔጅመንት (ሥራ የማቀድና የመከታተል) ሶፍትዌር ታሪክ ነበር፣ ስሙን ስትሰሙት ደረቅ ይመስላል ግን አንዴ ከገቡበት በኋላ ደውል ተደውሎ እንኳን ከኮምፒውተር ላብራቶሪው አልወጣ ብለው ነው የከረሙት።

የጀመርነው ከ1957 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ዱፖንት የሚባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ ከዩኒቫክ ሠሪው ሬሚንግተን ራንድ ጋር ሆኖ የፋብሪካ ግንባታና ጥገና መርሃ ግብር በዩኒቫክ ኮምፒውተር ማስላት ጀመረ፣ ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው የዕቅድ ስሌት የመጣው ከዚህ ነው። የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ ታያይዛለህ፣ ረጅሙን ሰንሰለት ትፈልጋለህ፣ እሱ ላይ አንድ ቀን ከዘገየህ ሙሉ ፕሮጀክቱ አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላው ላይ ግን መተንፈሻ አለህ። በ1958 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ፐርት የሚባለውን ተመሳሳይ የዕቅድ ዘዴ አወጣ።

ይሄን በወሬ ብቻ ማለፍ ስላልፈለግኩ ልጆቹ የወላጆች ቀን ዝግጅታችንን ሥራዎች ሰሌዳ ላይ ዘርዝረው በእጃቸው አሰሉት፣ በመጀመሪያ ከመነሻው ወደ መጨረሻው፣ ቀጥሎ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ሁሉም የሚያዘገየን መድረኩና ሳውንድ ሲስተሙ ነው ሲሉ ነበር፣ ረጅሙ ሰንሰለት ግን ድራማው ሆኖ አረፈው፣ ስክሪፕት ሳያልቅ ተዋናይ አይመረጥም፣ ተዋናይ ሳይመረጥ ልምምድ የለም። ስለዚህ ስክሪፕቱን ከሁሉም አስቀድመው አስጀመሩ፣ በጣም ነው የኮራሁባቸው።

ሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ግል ኮምፒውተሮች ገባን። በ1983 አፕል ሊሳ ኮምፒውተር ላይ ሊሳፕሮጀክት የሚባል ፕሮግራም መጣ፣ በማውስ ሳጥን ትስላለህ፣ በመስመር ታገናኛለህ፣ ቀኑን ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላል። ሊሳ ግን 9,995 ዶላር ነበረች ማን ይገዛታል፣ በ1984 ያው ሐሳብ ማክፕሮጀክት ሆኖ 2,495 ዶላር የሚሸጠው ማኪንቶሽ ላይ ወጣ። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው፣ አንዷ ተማሪያችን "ቲቸር፣ ስሌቱ እኮ ያው የ1957ቱ ነው" አለች፣ ልክ ናት፣ የተለወጠው ኢንጂነር ያልሆነ ሰውም ሥራውን በዓይኑ አይቶ ማቀድ መቻሉ ነው።

አይቢኤም ፒሲ ላይ ሃርቫርድ ፕሮጀክት ማኔጀር የሚባል ፕሮግራም ነበር፣ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት በ1984 በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሲስተም) ጀምሮ በ1990 ዊንዶውስ በ1991 ማክ ላይ ደረሰ። በ1983 የተመሠረተው የፕሪማቬራ ኩባንያ ሶፍትዌር ደግሞ እዚህ አገራችንም የኮንስትራክሽን ሰዎች የሚሠሩበት ነው።

አሁን ልጆቹ በኤክሴል የራሳቸውን የክሪቲካል ፓዝ ማስያ እየሠሩ ነው፣ ከመነሻው ወደ መጨረሻው የሚሄደው ስሌት አልቋል ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው ይቀራል፣ ኤክሴል የምትችሉ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች መስከረም ላይ ላብራቶሪው መጥታችሁ ተመዝገቡ።