ዓይንዎ ሳይደክም

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትንሹ ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ የፊት ጥርሱ ስለ ወለቀ እህቱ እየቀለደችበት በስልክ መነጋገር ያሳፍረዋል። ሲያናግሩት ዝም የሚለው ለዚህ ነውና ረሳኝ ብለው እንዳያዝኑበት።

እህቴ የግላኮማውን ጠብታ አንዳንድ ቀን እንደሚተዉት ነገረችኝ። አባቴ፣ ይህ በሽታ አንዴ የወሰደውን ብርሃን አይመልስም፤ ጠብታው የሚያደርገው የዓይንን ግፊት ቀንሶ የቀረውን ማቆየት ነው። «አላመመኝም» ማለትዎም አያጽናናኝም፤ ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ነውና የሚሠራው። ስለ ዓይንዎ ባሰብኩ ቁጥር ደግሞ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬ ካነሣኋቸው ፎቶዎች አንዱን እንኳ ተቀምጠው አይተውልኝ አያውቁም።

በወንድሜ ሠርግ ዕለት አጎቶቼ ስለ እኔ ሲጠይቁዎት «እሷ ገና ሥራ አልያዘችም» ብለው መለሱ። ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፣ እርስዎም እያዩኝ ነበር። ያን ዕለት ምንም አልተናገርኩም፤ እናቴም «ተይው፣ ዛሬ ሠርግ ነው» አለችኝ። ሴት ልጅዎ በሌሊት አዝማሪ ቤት ማምሸቷ እንዳስጨነቀዎት ይገባኛል፤ ለአዝማሪ በአገራችን ይሰጥ የነበረውን ስም አውቃለሁና አልፈርድብዎትም። «ሥራ አልያዘችም» ያሉት ቃል ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ ሥራዬ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ፎቶ ማንሣት ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም። ያኔ ከነበረኝ የቢሮ ደመወዝ ቆጥቤ ያገለገለ ካኖን ካሜራና አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁና ጣይቱ ሆቴል ውስጥ ወደ ነበረው የሙዚቃ ቤት፣ ወደ ጃዝአምባ፣ መሄድ ጀመርኩ። ፍላሽ ዘፋኙን ስለሚረብሽና የቤቱን ብርሃን ስለሚያጠፋ አልጠቀምም፤ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ 1.8 ከፍቼ፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት (አይኤስኦውን) 3200 አድርሼ ባለው ብርሃን እሠራለሁ። ዘፋኝን ፊት ለፊት ካነሡት ማይክራፎኑ አፉን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ወደ ጎን ፈንጠር ብዬ እቆማለሁ። እስክስታ ከሁሉም ይከብዳል። የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት የሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ ካደረግሁት ትከሻው ቀጥ ብሎ ይቆምና ጨፋሪዋ ዝም ብላ የቆመች ትመስላለች፤ ወደ አንድ ስልሳኛ ሳወርደው ግን ትከሻዋ ይበተናል፣ አንገቷን ካጸናች ፊቷ ጥርት ብሎ ይቀራል። እኔ ይህን ሁለተኛውን እወደዋለሁ፤ ጭፈራው ያለው እዚያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጆሮ ነው። ዓይኔ ካየ በኋላ ጣቴ ቢጫን ነገሩ አምልጧል፤ ትዝታ የሚዘፍን ሰው ስንኙን ሲጨርስ ማይኩን ከአፉ እንደሚያርቅና ዓይኑን እንደሚከድን አስቀድሜ መስማት አለብኝ። ይህን የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ቅዳሜ ማታ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጠው በጣትዎ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ፣ ዘፋኟ ወደ አዝማቹ ሳትመለስ በፊት «አሁን ትመለሳለች» ይሉን ነበር፤ ትመለስም ነበር። ባቲንና አምባሰልን በጆሮ የለየሁት በእርስዎ ቤት ነው። ለዚህ አመሰግንዎታለሁ።

ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉ ሲቃጠል ወደመ። ካዛንቺስ የነበረው አዝማሪ ቤት ፈንድቃም በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ከዚያ ተነሣ። ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ በእንግዶቹ መካከል እየዞረ ለእያንዳንዱ ግጥም ሲያወጣለት፣ ሰውም ተነሥቶ በግንባሩ ላይ ብር ሲለጥፍለት ያነሣኋቸው ፎቶዎች አሉኝ፤ ያ ክፍል ዛሬ የለም። ሥራ አልያዘችም ያሏት ልጅዎ ስትሠራ የቆየችው ይህን ነው።

የፈራሁትን ልናገረው። እነዚህን ፎቶዎች ሳያዩልኝ ዓይንዎ እንዳይደክም እፈራለሁ። ለሐኪም ቀጠሮዎ ስመጣ ተለቅ አድርጌ አሳትሜያቸው እመጣለሁ፤ ጠዋት ብርሃን ሳለ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እንያቸው። ካልወደዷቸውም ይንገሩኝ፤ ዝም እንዳይሉኝ ብቻ እለምንዎታለሁ።

የጠብታው ሰዓት እንዳያልፍ እህቴ በስልክዎ ላይ ማንቂያ ትሙላልዎት። ሊያልቅ ሲል አስቀድመው ያሳውቁኝ፤ እዚያ ከጠፋ ከአዲስ አበባ ገዝቼ በሰው እልክልዎታለሁ።

ልጅዎ